ለድህነት ወረቀት የታረዱት ሁለት በጎች

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ቡታጅራ ላይ፣ የሰው ሱቅ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ ስሰፋ ነው። ሰው ሱሪውን ሊያስጠብብ ሲመጣ ወሬውንም ይዞ ይመጣል። እግሬ መኪናውን ሲረግጥ ጆሮዬ ሥራ ፈት ስለነበር ሰማሁ፣ ተማርኩ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢያዘግም አንባቢ ይታገሰኝ። ቸኩዬ የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ተመልሶ ይመጣብኝ ነበርና ቀስ ማለት ለምዶብኛል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግቶ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰና ፈተናውን አለፈ። ከእኛ መንደር፣ ከእንሴኖ ወዲያ ካለው አገር፣ ኮሌጅ የገባ ሰው ገና አልነበረም። አባቴ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። ጓሮ ያለው እንሰት የኛ ነው፤ አንዲት ወተቷ የነጠፈ ላም አለችን፤ ሌላ የለንም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣና በረንዳዬ ላይ ቁጭ አለ። እጁ ላይ ደብዳቤ አለ።

"አንብበው" አለኝ።

"አሥራ ሁለተኛ የጨረስከው አንተ እያለህ እኔ?"

"አንተ ቀስ ብለህ ስለምታነብ ክፉው ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል።"

እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ኮሌጁ ተቀብሎታል። ትምህርቱ ያለ ክፍያ ነው። ምግብና አልጋ ግን የሚሰጠው ቤተሰቡ ችግረኛ መሆኑን በማስረጃ ላሳየ ብቻ ነው። ማስረጃው የጭቃ ሹሙ ቃል፣ የአባትና የሁለት ሽማግሌ ጣት ይኑርበት፤ የመንግሥት ሰው ቤቱን በዓይኑ አይቶ ይጻፍበት፤ ማኅተም ይረፍበት፤ መስከረም ሳይጋመስም ይድረስ ይላል። አዲስ አበባ ያስጠጋው ዘመዳችን ደግሞ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሚስቱ በዚያ ክረምት መንታ ወልዳለች። "እስከ አሥራ ሁለተኛ ብያለሁ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከዚህ በላይ መተኛ የለኝም" ብሎ ሸኝቶታል። እውነቱን ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ከሌለ አልጋ የለም፤ አልጋ ከሌለ ኮሌጅ የለም።

"ድሃ መሆናችንን ብቻ ነው የሚፈልጉት?" አልኩት። "እሱማ ሞልቶናል!"

ሁለታችንም ሳቅን። ድህነትን መኖሩ እንጂ ማስመስከሩ የሚያስቸግር አልመሰለኝም ነበር።

ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ የኮቱን እጅጌ ያሳጠርኩለት እኔ ስለሆንኩ ያውቀኛል። ትሑት ሰው ነበር፤ ግን ሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም።

"ሳላይ አልጽፍም" አለ። "ባለፈው ለአንዱ ሳላይ ጻፍኩለትና ባለ ወፍጮ ሆኖ ተገኘ። ሐሙስ መጥቼ ቤታችሁን አያለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ።"

"ይምጡ ጌታዬ፤ ከመታየት የሚቀለን ነገር የለም" አልኩት።

ማክሰኞ ሥራዬን ትቼ ወደ መንደር ወረድኩ። አባቴ ጓሮ ነበር፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆጮ ትከትፋለች። ሁለቱንም አጠገቤ አስቀምጬ ደህና አድርጌ አስረዳኋቸው። ሰውዬው ለምን እንደሚመጣ አልደበቅሁም። "ቤቱን እንዳለ ተዉት። አትጥረጉት አልልም፤ ግን ምንም አትጨምሩበት። የሚመጣው የሌለንን ሊያይ ነው" አልኳቸው።

"ሰማሁ" አለች እናቴ። "የሌለንን ያያል። ምን ይበላል?"

"ምንም አይበላም፣ እማ። ድሃ ቤት ነው የሚመጣው።"

"ድሃ ቤት የመጣ ሰው አይርበውም?"

"ልጁ የሚልሽን ስሚ እንጂ" አላት አባቴ።

"ሰማሁ አልኩ እኮ! ድሃ መሆን ሌላ፣ እንግዳን በድህነት መቀበል ሌላ።"

ይኼኔ ጎረቤታችን በእንሰቱ መካከል አንገቱን ብቅ አደረገ። እኛ ሙስሊም ነን፤ እሱ ክርስቲያን ነው፤ ከአባቴ ጋር አብረው አድገው አብረው አርጅተዋል። ጓሯችን አጥር የለውም፤ ወሬም እንዲሁ።

"ሃይማኖቱ ምንድነው?" አለኝ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

"የማን?"

"የእንግዳው ነዋ።"

"ክርስቲያን ነው መሰለኝ።"

"በሉ እንግዲህ! የናንተን ሥጋ አይበላም። ሐሙስ ጾም አይደለም፤ ፍልሰታም ተፈታች። ማን ሊያርድለት ነው?"

"ማንም አያርድለትም!" አልኩ።

ጎረቤታችን አባቴን አየው። "ይኼን ልጅ ቡታጅራ አበላሸችብህ" አለው።

የአገሩን ልማድ ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ ሙስሊም ቤት ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ያርዳል፤ ክርስቲያን ቤት ሙስሊም ሲመጣ ሙስሊሙ ያርዳል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። እናቴ ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ የምታስቀምጠው ጣባና የቀንድ ማንኪያ ነበራት፤ ጎረቤታችንም ቤት ለኛ የተለየ ዕቃ ነበር። ይኼ እንደ እሑድና እንደ ጁምዓ የታወቀ ነገር ነው። እኔ ግን "ተዉት ብያቸዋለሁ፣ ሰምተውኛል" ብዬ ተመለስኩ። ሰምተውኛል እኮ! ችግሩ አለመስማት አልነበረም።

ሐሙስ ጸሐፊውን በቅሎ ተከራይቼለት ይዤው ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔ ልጓሙን ይዤ በእግሬ እመራለሁ። ጀፎረው ላይ፣ ሰፊው የመንደራችን መንገድ ላይ ስንደርስ ልቤ አንድ ነገር ጠረጠረ። ሜዳው ላይ ከብት የለም። በቀትር ከብት ወዴት ይሄዳል?

ከብቱማ እኛ ቤት ነበር።

ደጃፉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። ገባን። በጋጣው በኩል የኛ የነጠፈች ላም ቆማለች፤ አጠገቧ ሦስት የማላውቃቸው ላሞች አሉ፤ ከእነሱ ወዲያ ደግሞ ጎረቤታችን ለመስቀል ሲያደልበው የከረመው ሰንጋ እንደ ሹም ተንሰራፍቶ ያመሰኳል። ምንጣፉ አዲስ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጣባዎች የአክስቴ ናቸው፤ አንዱን ጠርዙ ላይ ባለው ስንጥቅ አወቅሁት። አባቴ ምሰሶውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ የለበሰው ጋቢ ነጭ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ያልታጠበ አዲስ። ያን ጋቢ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

እናቴን ወደ ጓዳ ተከትዬ ገባሁ። "ምን አደረግሽ፣ እማ?"

"እኔ ምን አደረግሁ? ጎረቤት ነው ያመጣው። እምቢ ልበል? ዝም በልና ይኼን ያዝ።"

ያዝኩ። የበግ ጥብስ ነው። ከጎረቤታችን ቤት፣ በክርስቲያን እጅ ታርዶ ተጠብሶ፣ በዚያ በተለየው ጣባ ቀረበ፤ አይቤው፣ ጎመኑ ከጎኑ አለ። ይኼ ለጸሐፊው ነው። ጭቃ ሹሙና ሁለቱ ምስክር ሽማግሌዎች ግን ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከዚህ አይቀምሱም። ስለዚህ ሌላ በግ በአባቴ እጅ ታርዷል፤ እሱን እናቴ ከእህቷ ቤት አስመጥታው ነው። ለአንድ ወረቀት ሁለት በግ። በሁለት በኩል ሥጋ ቀርቦ፣ በሁለት በኩል ተባርኮ ተበላ።

ጸሐፊው መጀመሪያ አልበላም አለ። ጎረቤታችን "ጌታዬ፣ የኔ እጅ ነው፤ ማተቤን ይዩ" ብሎ አንገቱን አሳየው። አንዴ ከቀመሰ በኋላ ማን ይመልሰዋል? በላ። ጎረቤታችን በላይ በላዩ ያጎርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር። ለምን እንደተሰበሰብን ብረሳ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ በደስታ የማስታውሰው ግብዣ ነበር።

ከበላ በኋላ ጸሐፊው ደብተሩን አወጣና ጋጣውን አየ። "አባት፣ ከብቶቹ የእርስዎ ናቸው?"

ከብቶቹን ያዋሱት ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋል። አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ሰንጋውን አየሁ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ አባቴ።

አልዋሸም። አመሰገነ እንጂ። ጸሐፊው ግን ጻፈ።

ስንመለስ ወንዟን እንደተሻገርን ልናገር ቆረጥኩ። "ጌታዬ" አልኩ።

"አቤት።"

"እነዚያ ከብቶች..."

"እህ?"

"ደህና ከብቶች ናቸው፣ ጌታዬ።"

"ደህና ናቸው" አለ። "ጥሩ ቤተሰብ አላችሁ።"

ምላሴን ምን እንደያዘኝ እስከ ዛሬ አስቤበታለሁ። አባቴ ያን ጋቢ ለብሶ ምሰሶውን ተደግፎ እንዳየሁት እንዲቆይልኝ የፈለግሁ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ወረቀቱን ልንወስድ ከወንድሜ ጋር ሄድን። ጸሐፊው ራሱ አዝኖ ነው ያነበበልን። አምስት ከብት ያለው፣ በአንድ ቀን ሁለት በግ ለእንግዳ የሚያርድ፣ ቤቱ የተሟላ ሆኖ ስላየሁት ልጁ እርዳታ የሚያስፈልገው ሆኖ አላገኘሁትም ይላል። "ምን ላድርግ? ያየሁትን ነው" አለ።

ወጥተን በረንዳዬ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ፣ "ሀብታም መሆናችንን ለምን ደበቃችሁኝ?" አለ። "ስንት ዓመት በባዶ እግሬ ሄድኩ እኮ።"

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ተነስቶ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጠና እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ። "በል አስተምረኝ" አለኝ። "ሱሪ ልስፋ።" ለቀልድ አልነበረም። ጨርቁን ወስዶ መርፌው ሥር አስገባው፤ ጠማማ ሰፋ።

በዚያ ዓመት ከእኛ አካባቢ ሌላም አንድ ልጅ አልፎ ነበር፤ ከእኛ በላይ ካለው መንደር። ለእሱም ያው ደብዳቤ መጣ። አባቱ ሲነገረው፣ "ድሃ ነኝ በሚል ወረቀት ላይ ጣቴን ከማሳርፍ ጣቴ ይቆረጥ" አለ አሉ። ኩሩ ሰው ነበር። ልጁ መርካቶ ወረደና ሱቅ ጠባቂ ሆነ፤ ኋላ የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ኖረ። በትምህርቱ ግን ከወንድሜ ይበልጥ ነበር ይሉ ነበር። ኮሌጁ "ና" ብሎት ነበር፤ ያስቀረው ያቺ ወረቀት ናት። ወረቀት አምጡ ያሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ማን አልጋ እንደሚያስፈልገው ሊለዩ ፈልገው ነው። ግን ወረቀቷ የምትጠይቀው ድህነትን ብቻ አይደለም። ወጥተህ ተናገር ነው የምትለው። እኛ አገር ድህነት በየቤቱ አለ፤ የሚናገረው ግን የለም።

እሑድ መንደር ወርጄ ነገርኳቸው። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። "በላልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። ጎረቤታችን ግን ገነፈለ።

"ማንን ነው የቆጠረው? የኔን ሰንጋ? ለመስቀል የማርደውን ሰንጋ ለዚህ ሰውዬ ጻፈለት?"

"አንተ ነህ እኮ ያሰርከው!" አለው አባቴ።

"ያሰርኩት እንዲያምርብህ ነው እንጂ እንድትወርሰው ነው?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማስረጃ ነው የሚሉት? ነገ ማስረጃ እወስድላቸዋለሁ።"

ሰኞ ጠዋት ልብስ ስሰፋ ገበያ ሳይኖር ከብት መንገዱን ይዞ ሲመጣ አየሁ። ከፊት ጎረቤታችን ሰንጋውን በገመድ ይጎትታል። ከኋላው ላሞቻቸውን የሚነዱ ሦስት ሰዎች፤ ከእነሱ ኋላ ጣባዎቿን እንደ ሕፃን አቅፋ አክስቴ፤ ከእሷ ጎን ያን ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ የጋቢው ባለቤት። በመጨረሻ ከጭቃ ሹሙና ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር አባቴ፣ የራሱን አሮጌ ጋቢ ለብሶ። መኪናዬን ትቼ ተከተልኳቸው። ወንድሜም ተከተለ።

ጸሐፊው ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። ሰንጋው የመሥሪያ ቤቱን አበባ መብላት ጀምሯል።

"ምንድነው ይኼ?"

"ማስረጃ ነው ጌታዬ" አለ ጎረቤታችን። "ይኼ ሰንጋ የኔ ነው። ሐሙስ ያዩት እሱ ነው። ስሙን ልጥራውና ሲዞር ይዩ።"

"ይቺ ቦራ የኔ ናት" አለ ሌላው። "ያቺኛዋ የሱ።"

"ጣባው የኔ ነው፤ ይኸው ስንጥቁ" አለች አክስቴ። "በጉም የኔ ነበር፤ እሱ ግን ተበልቷል።"

ባለ ጋቢው ጋቢውን ዘርግቶ አሳየ።

ጸሐፊው ፊቱ ቀላ። "መንግሥት ላይ ታላግጣላችሁ? ታዲያ ያን ዕለት አፋችሁ የት ነበር? ጠይቄ የለም ወይ?"

"ኧረ ጌታዬ" አለ ጎረቤታችን፣ ከልቡ ተገርሞ። "እየበሉ እንዴት ይነገራል?"

አንዱ ዘበኛ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ጸሐፊው ግን አባቴን ነው የሚያየው። ደረጃውን ወረደና ፊት ለፊቱ ቆመ። "አባት፣ የሌላው ቃል አይበቃኝም። እርስዎ በአፍዎ ይንገሩኝ።"

አባቴ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው። እኔ ልተረጉምለት ጠጋ ስል በእጁ ከለከለኝ። ሦስቱን ላሞች፣ አክስቴን፣ ወንድሜን አየ፤ ከዚያ መሬት እያየ ተናገረ።

"ድሃ ነኝ ብዬ አላውቅም፣ ጌታው። ለሚስቴም አላልኩም። ዛሬ ግን እላለሁ፤ ድሃ ነኝ። ላም አንዲት፣ እሷም ደርቃለች። መሬቱ የሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ቤቴን ይሞላል፤ እንግዳ ሲሄድ ጎረቤት ይወስዳል። ይኼን ወረቀት ላይ እንዴት እንደምትጽፈው እኔ አላውቅም። አንተ የተማርክ ነህ።"

ጸሐፊው ገብቶ ተቀመጠ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደው። አዲሱን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ሁለቴ ሰርዞ እንደገና ጀመረ። ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ አባቴ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ማኅተሙ ሲመታ ጎረቤታችን ከደጅ "እልል!" አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መስከረም እንደጠባ ወንድሜን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በኮቴ ውስጥ ኪስ ሰፍቼለት ነበር፤ በየፌርማታው በእጄ እዳስሳለሁ። ኮሌጁ ስንደርስ ሰልፍ አለ። ከፊታችን የነበረ አንድ ልጅ ማኅተሙ ስላልተነበበ ተመልሶ ሲሄድ አየን፤ አገሩ ከእኛ ይርቃል። ወንድሜ እጄን ያዘ፤ ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆኖ እጄን ያዘ።

ተራችን ደረሰ። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ፤ ገልብጦ ማኅተሙን ብቻ አየ፤ ከጎኑ ያለው ክምር ላይ ወረወረው። አላነበበውም። "የአልጋ ቁጥርህ ይኼ ነው፤ ብርድ ልብስ ከዚያ ውሰድ፤ የሚቀጥለው!" አለ።

ወንድሜ ብርድ ልብሱን አቅፎ ወጣ፤ ፊቱ እንደ ጠዋት ጀምበር። እኔ ግን ያን ክምር ዞሬ አየሁት። ስንት አባት እዚያ ተደርድሯል፣ አልኩ በሆዴ።

መንደር ስመለስ አባቴ ጀፎረው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ገባ?" አለ መጀመሪያ።

"ገባ፣ አባ። አልጋ ሰጡት። ብርድ ልብስም።"

"አልሐምዱሊላህ።" ጥቂት አብረን ሄድን። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ ወደ ሌላ እያየ፣ "ወረቀቱን ያነበበው ሰውዬ ምን አለ?" አለኝ።

በሕይወቴ ለአባቴ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

"ቆሞ አነበበው፣ አባ" አልኩት።

"ቆሞ?"

"ከወንበሩ ተነስቶ። እስከ መጨረሻው።"

አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። "ደህና ሰው ነው" አለና ከፊቴ ቀድሞ ወደ ቤት ገባ።